ሻካራው ወገን

በመዳብ ማዕድን ማውጫው የድንጋይ መጋዘን ሠላሳ ዓመት ያገለገለውን ሰው ሠራተኛው ሁሉ የሚጠራው «መዳፉ» እያለ ነበር። ከጥልቀት በመሰርሰሪያ የሚወጣውን ዘንግ መሳይ ድንጋይ በውኃ ያርሰዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖም በመዳፉ ይዳስሰዋል። ድንጋዩ በጥንት ውኃ ውስጥ የዘቀጠ አሸዋ ነውና ሻካራው ጠጠር ቀድሞ ታች ወርዷል፤ ልሙ ደለል ኋላ ተከትሏል። በዚያ ምድር መዳቡ ዘወትር የሚገኘው ከሻካራው ወገን ነው። ሻካራው ወደ ታች ከሆነ መዳቡ ታች፣ ምድሪቱ ታጥፋ ከተገለበጠች ግን ላይ ነው።

ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት መዳፉ «ላይ ነው» ብሎ ፈረመ። ታላቅ ወንድሙ፣ ትንሿን ጣቱን መሰርሰሪያ የበላበት ቆፋሪ፣ ዋሻውን ሽቅብ ሲመራ ጣሪያው ተናደበት። አስከሬኑ አልወጣም፤ መዳብም አልተገኘም።

አሁን ማዕድን ማውጫው በወሩ መጨረሻ ሊዘጋ፣ አራት መቶ አባወራም ሊበተን ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ ድንጋይም ቢሆን ሁለት ጊዜ ከተጠየቀ ይናዘዛል እያለ፣ አሮጌዎቹን ሣጥኖች እንደገና እንዲመረምር መዳፉን አዘዘው።

መዳፉ የዚያን ጊዜውን ሣጥን ከፈተ። ወንድሙ እያንዳንዱ ድንጋይ እንደወጣ፣ ጥልቀቱ በየት በኩል እንደሆነ የሚያሳይ ቀስት በቀይ ቀለም ይሥልበት ነበር። ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ታች ያመለክታሉ፤ ያኔ «ላይ ነው» ያለበት አንዱ ብቻ ወደ ላይ። አጥቦ ሲመልስ የገለበጠውና ዓይኑን ጨፍኖ ሻካራውን ላይ ያገኘው ራሱ መዳፉ ነበር። ወንድሙን የላከው ምንም ወደሌለበት ምድር ነው።

ድንጋዩን አቅንቶ ሣጥኑን ቆለፈ፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም። በማግስቱ ሲከፍተው ቀስቱ ወደ ላይ ዞሯል። ደግሞ አቀናው፤ ደግሞ ዞሮ አገኘው። ቁልፉ ከእሱ በቀር በማንም እጅ የለም። በሦስተኛው ጠዋት ድንጋዩ ከመገልበጡም በላይ ርሶ ነበር።

መዳፉ ቀጥታ ወደ ወንድሙ ሚስት ቤት ሄደ። ልብስ እየተኮሰች አገኛት።

«እትዬ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ» አለና የድንጋዩን ነገር አንድ በአንድ ነገራት።

ካውያውን አቁማ እሷም የምታውቀውን ነገረችው። ባሏ በሞተበት ዕለት ቁርስ ላይ ስሕተቱን ማየቱን አጫውቷት ነበር። የወረደውም ወንድሙን ሰው ፊት ላለማሳፈር፣ መዳፉ ዋሻውን ሊያይ ሲመጣ እዚያው ታች ለብቻው ሊነግረው ነው።

«ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እያወቅሽ?»

«መጥተህ እስክትነግረኝ ስጠብቅህ ነበር» አለችው። «እሱም ሳይጠብቅህ አልቀረም።»

ከሰዓት በኋላ መዳፉ ስሕተቱን በስሙ ጽፎ፣ ቁፋሮው ወደ ታች እንዲሆን አመልክቶ ፈረመ። ድንጋዩን አቅንቶ ቆለፈበት።

ጠዋት ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሣጥኑን ሲከፍቱ ቀስቱ እንደቀና ነበር። ሥራ አስኪያጁ ድንጋዩን ማን እንዳረሰው ጠየቀ። መዳፉ ጎንበስ ብሎ አየው። በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ጨብጦት የነበረ እጅ ምልክት ደርቆ ይታያል፤ ጣቶቹ አውራ ጣቱን ጨምሮ አራት ናቸው።