ሽቦው፣ መብረቁና አባቴ

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጭላሎ ተራራ ጥቁር ደመና ለብሶ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ሥራዬን አቋርጬ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ሶኬት ስነቅል ልጄ ሳቀችብኝ። «እማ፣ ቴሌቪዥኑ ሳይቃጠል አንቺ በድንጋጤ ልታልቂ ነው» አለችኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ሶኬት መንቀሌን ግን አላቆምኩም። ምክንያቱን ነግሬያት አላውቅም ነበር።

አሥረኛ ክፍል በጨረስንበት ክረምት እኔንና ደረጄን አንድ ነገር ለክፎን ነበር። ደረጄ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ቤታቸው ከእኛ ቤት ትይዩ፣ በመሃላችን ከምታልፈው ትንሽ ወንዝ ማዶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነበር። እነሱ ጴንጤዎች፣ እኛ ሙስሊሞች ነን። አባቴ ከሳጉሬ ስንዴና ገብስ እያመጣ አሰላ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ብዙ የማይናገር፣ ስለ ወጣትነቱ ሲጠየቅ «ረሳሁት» ብሎ የሚያልፍ ሰው።

የለከፈን ጌም ነው። መጫወቱ ግን አይደለም። ያኔ አሰላ ገበያ ከባትሪና ከቻይና ሬዲዮ ጋር ተደርድሮ የሚሸጥ፣ መዳፍ የሚያክል ርካሽ የእጅ ጌም ነበር። ደረጄ ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጦ፣ አንዱ ገጽ እስኪከፈት ቆሎ እየቆረጠመ፣ ያ መጫወቻ ውስጡ ሊኑክስ በሚባል ሲስተም እንደሚሠራ አነበበ። ጌሙን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ሙና፣ ይኼ መጫወቻ አይደለም። ኮምፒውተር ነው!»

«ሂድ ወደዚያ! ጨዋታ ከመቼ ወዲህ ነው ኮምፒውተር የሆነው?»

«ክፈቺውና እንይ።»

ከፈትኩት። አጎቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ስለነበር ብየዳ ከልጅነቴ ጀምሮ ለምጃለሁ። ቦርዱ ጥግ ላይ ከስንዴ ፍሬ የሚያንሱ ነጥቦች ነበሩ። እዚያ ላይ ቀጫጭን ሽቦ በየድኩ፤ ደረጄ ሽቦውን ከአሮጌ ኮምፒውተር ጋር አገናኘና ጌሙን አበራው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ እንደ ጎርፍ ይወርድ ጀመር። ወርዶ ወርዶ ቆመ፤ አንዲት ምልክት ብቻ ብልጭ ድርግም እያለች ትእዛዛችንን ጠበቀች። አፋችንን ከፍተን ቀረን። ሰው የለበትም ያልነውን ቤት በር ገፍተን ስንገባ፣ ውስጥ መብራት በርቶ ያገኘን ያህል ነበር ድንጋጤያችን።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም ምግብም ተረሳ። ፋብሪካው የጫነበትን ሲስተም አጥፍተን የራሳችንን ከሚሞሪ ካርድ እየጫንን፣ እየገደልነው፣ እንደገና እያስነሳነው ክረምቱ ገፋ። ሁለተኛ ጌም ስናገኝ ደግሞ ደረጄ ሁለቱን እናነጋግራቸው አለ። ከአሮጌ ዕቃ ተራ የስልክ ሽቦ ገዝተን፣ ከእኛ ቤት መስኮት በወንዟ ላይ አሳልፈን፣ እነሱ ግቢ ካለው ትልቅ ባሕር ዛፍ ጋር አስረን ወደ ክፍሉ አስገባነው። አባቴ ሽቦውን ቀና ብሎ አይቶ «ልብስ ልታሰጡበት ነው?» ብሎ አለፈ።

ጌሙ ፊደል መጻፊያ አልነበረውም። በቀስቶቹ እያንዳንዱን ሆሄ እየመረጥን፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል እንጽፍ ነበር። መጀመሪያ የመጣልኝ መልእክት «ሙና ምን በላሽ» የሚል ነበር። «ጭኮ» ብዬ መለስኩ። አንዲቷን ቃል ጽፌ እስክጨርስ የገብስ ዱቄቱ የታሸበት ቅቤ በቁልፎቹ ላይ ተለቀለቀ። ማዶ ሆኖ በደስታ ሲጮህ ያለ ሽቦ ሰማሁት።

የዚያን ዕለት ከአስር ሶላት በኋላ ሰማዩ በድንገት ጠቆረ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ከደረጄ ጋር እጻጻፋለሁ። «በረዶ መጣ» ብሎ ጻፈልኝ፤ ወዲያው የእኛም ቆርቆሮ ይንኳኳ ጀመር።

«ሙና! ጣራው እያፈሰሰ ነው፣ ባልዲ አምጪ!» አለች እናቴ ከሳሎን።

ጌሙን አልጋው ላይ ጥዬ ወጣሁ። ባልዲውን ሳነሳ ቤቱ በሙሉ ነጣ። ድምፁን መስማቴን እንኳ አላስታውስም፤ ደረቴን ሲመታኝ ብቻ ነው የማስታውሰው። ወደ ክፍሌ ተመልሼ ሳይ ጌሙ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ብርድ ልብሱ ይጨሳል፣ መስኮቱ ላይ የነበረው ሽቦ የለም። ቦታው ላይ ጥቁር መስመር ብቻ ቀርቷል።

«ደረጄ በእጁ ይዞታል» አልኩ። ለማን እንደተናገርኩ አላውቅም።

በረዶው ላይ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ወንዟ ሞልታ ጉልበቴን አልፋለች። ከኋላዬ አባቴ «ሙና! ቁሚ!» እያለ ይጮሃል፤ አልቆምኩም። ስደርስ ባሕር ዛፉ ከላይ እስከ ታች ተልጧል። ደረጄ ወለሉ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ዓይኑ ተከፍቷል፣ አያይም። እናቱ እትዬ አስቴር አጠገቡ ተንበርክከው ጮክ ብለው ይጸልያሉ። አንዱ ጎረቤት ወተት አምጡ ይላል፤ ሌላው «አለቀ፣ ልጁ አልፏል» ብሎ ራሱን ይዟል።

«ፈጋዻ! ዞር በሉ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አባቴ ነበር፤ ልብሱ ውሃ ያንጠባጥባል። ተንበርክኮ ጣቱን ደረጄ አንገት ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ አፉን በአፉ ገጥሞ ተነፈሰለት። ሰው ሁሉ ክው አለ። ደረቱን በሁለት እጁ ይጫናል፣ ይቆጥራል፣ ደግሞ ይተነፍስለታል። የሚቆጥረው በኦሮምኛ ሳይሆን በአማርኛ ነው፤ ፈጠን ባለ፣ ትእዛዝ በለመደ ድምፅ። ያንን ድምፅ ከአባቴ አፍ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ግድግዳው ጋ ደርቄ ቆሜ፣ ስንዴ ሲሰፍር የማውቃቸውን እጆች አያለሁ፤ የሌላ ሰው እጆች ሆኑብኝ።

ድንገት ደረጄ ሳለና ትንፋሹ ተመለሰ። እትዬ አስቴር ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመሩት፤ የአባቴን እጅ ይዘው ይስማሉ። ልጁን በፒክአፕ ጭነው ወደ ሆስፒታል ወሰዱት።

ወደ ቤት ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጭቃው ላይ ያልቀለጠው በረዶ ነጭ ሆኖ ይታያል። «አባ፣ የት ተማሩት?» አልኩት።

«ጦር ሜዳ።»

ቆምኩ። «ወታደር ነበሩ?»

«ቁስለኛ የማክም ረዳት ነበርኩ። ልጅ ነበርኩ» አለ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ወደ እኔ ሳይዞር «ብዙዎቹ አልተነሱም» ብሎ ጨመረ። እናቴ እንኳ አታውቅም ነበር።

የደረጄ ግራ ጆሮ መስማት አቆመ፣ ቀኝ መዳፉ ላይም የቃጠሎ ጠባሳ ቀረ። ከሆስፒታል ሲወጣ እኔ ሁሉም ነገር እንዳለቀ ቆጥሬ፣ የአባቴን ቁጣ እየጠበቅኩ ነበር። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሻዩን አስቀምጦ «ያ ነገራችሁ ያለ ሽቦ አይሆንም?» አለኝ። ደንግጬ ዳቦው ከእጄ ወደቀ። ይሆናል አልኩት። «እንግዲያው ያለ ሽቦ ሥሩት» ብሎ ወደ መጋዘኑ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነፈሰም።

አባቴ ያለፈው ዓመት አረፈ። ለቅሶው ላይ ከጎበሳ ከተማ የመጡ፣ አንድ ክንዳቸው የጎደለ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። «እናንተ ነጋዴ ነው የምትሉት። እኛ ሐኪሙ ነበር የምንለው» አሉኝ። ሌላ ለቀስተኛ ገባ፣ ተነሣሁ፤ ስመለስ ሄደዋል። ከአባቴ ጋር አንድ ጣራ ሥር ስኖር ኖሬ፣ የማውቀው የዚያን አንድ ከሰዓት በኋላውን ብቻ መሆኑ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል።

ደረጄ አዲስ አበባ ነው፤ ዛሬም ያገኘውን መሣሪያ ሁሉ ሳይከፍት አያድርም። ስለ ሽማግሌው፣ ጎበሳ ሄጄም ልጠይቃቸው እንደማስብ በስልክ ነገርኩት። 

«ቆይ» አለ። «ጎበሳ ስትሄጂ ንገሪኝ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ። እስትንፋሱን የሰጠኝን ሰው እኔም አላውቀውም።»