የምታነሳ እጅ

እህቴ ከጁዶ ብሔራዊ ቡድን ጋር ወደ አህጉሩ ጨዋታዎች ስትሄድ እኔ አዊ፣ ቆሰበር ከተማ ቀረሁ። ጁዶን ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ከምንጣፉ ጥግ ወንበር ይዞ የሚቀመጠው ግን የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ነው፤ የእኔ ወንበር የሻይ ቤት ዱካ ነው።

በግጥሚያዋ ቀን እናታችንን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሻይ ቤት ሄድሁ። ኔትወርክ ከሌላው ቦታ ይሻላል የሚባለው እዚያ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የያዘው ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስልኬን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ አቆምሁት። እናቴ ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ፣ ጣቷን በእህቴ ተጋጣሚ ላይ አድርጋ፣ "ይቺ ናት?" አለችኝ።

"ያችኛዋ ናት እማ፣ ነጭ የለበሰችው።"

እናቴ ሰው ሲወድቅ ካየች "እኔን" ሳትል አታልፍም፤ ብላም አትቀርም፣ ሮጣ ታነሳለች። እኛ አገር ሁሉም እንዲያ ነው፤ የተጣላኸው ሰው እንኳ ጭቃ ላይ ሲያንሸራትተው አፍህ ቀድሞህ "እኔን" ይላል። እህቴ ይህን ከጡት ጋር ነው የጠባችው። ጭድ በጠቀጠቅንባቸው ፍራሾች ላይ ስንለማመድ፣ ባልንጀራዋን በጣለች ቁጥር እጇን ትዘረጋላታለች። እኔ ደግሞ እቆጣለሁ።

"ጀርባዋን መሬት በደንብ ካላስነካሽ ግማሽ ነጥብ ብቻ ነው። ዳኛው አቁሙ እስኪል ትግሉ መሬት ላይ ይቀጥላል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲባል አልሰማሽም? ምሳሩ አንቺ ሁኚ።"

"እሺ ጋሼ" ትላለች። እጇ ግን እሺ ብሎ አያውቅም።

ግጥሚያው ተጀመረ። ካሸነፈች ለሜዳሊያ ትጋጠማለች፤ ከተሸነፈች ሻንጣዋን ይዛ ትመለሳለች። ምስሉ እየቆመ እየሄደ ነው የሚመጣው። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአዊኛ ትጸልያለች። ምስሉ አንዴ ቆሞ ሲለቀቅ ተጋጣሚዋ በእህቴ ዳሌ ላይ ተሽከርክራ በጎኗ ወደቀች። ግማሽ ነጥብ ለእህቴ። ሻይ ቤቱ አጨበጨበ።

"እኔን" አለች እናቴ፣ ለወደቀችው ልጅ።

የእህቴም ከንፈር ያንኑ ሲል በስልኩ አየሁት። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

"ተጫኛት! ተጫኛት እንጂ!" ብዬ ስልኩ ላይ ጮኽሁ። ስልክ ምን ይሰማል። ባለ ሻይ ቤቱ፣ "ረጋ በል እንጂ፣ ስኳሩን ትደፋዋለህ" አለኝ። ልጅቷ የተዘረጋላትን እጅ ያዘች፤ ለመነሳት ግን አልነበረም። ሳበቻት፣ ገለበጠቻት፣ ደረቷ ላይ ተጋደመችባት። በጁዶ በጀርባህ እንደተያዝህ የተሰጠው ጊዜ ካለፈ አለቀልህ። የእህቴ እግሮች አየር ይረግጣሉ። ምስሉ እዚያ ላይ ቆመ።

እግሮቿ እንደተሰቀሉ ቀሩ። ስልኩን አነሳሁት፣ ወደ በሩ ወሰድሁት፣ ዝናቡ ውስጥ ወደ ላይ ዘረጋሁት። ለዓመታት እጇን ይዤ አያያዝ ያሳየሁ ሰውዬ፣ ያን ሰዓት የማደርግላት ስልክ ወደ ሰማይ ማንሳት ብቻ ሆነ። ምስሉ ሲመለስ ዳኛው እጁን ወደ ሌላዋ ዘርግቷል።

"ምን ሆነች?" አለች እናቴ።

"ተሸነፈች።"

"ጥላት አልነበረም እንዴ?"

"ጥላት ነበር። ላንሳት ብላ ነው።"

"ታዲያ ወድቃ ትተዋት?"

ተናድጃለሁ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላወቅሁም። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደቀዘቀዘ ጠጣሁት።

ማምሻውን እህቴ ደወለች። እስከዚያ ድረስ የምላትን ሁሉ ስደረድር ነው የዋልሁት። ስንት ጊዜ እንደነገርኋት፣ የስንት ዓመት ልፋት በአንድ እጅ እንደሄደ፣ ሁሉን ልነግራት ቆርጫለሁ።

"ጋሼ" አለች። ስታለቅስ ይሰማኛል። "ወደቅሁ እኮ" አለችኝ።

"እኔን" አልኋት።