መትቶ የሚቆም ሰው

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። ናይሮቢ፣ ላቪንግተን በተከራየው አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ካራቴ ያስተምር ነበር። ያን ጊዜ የቅልቅል ፍልሚያ ዲቪዲ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞርበት ዘመን ነው፤ ቡጢው፣ እርግጫው፣ ትግሉ፣ ማነቁ ሁሉ አንድ ላይ። ዌስትላንድስ ሰፈር ይህንኑ የሚያሠለጥን ጂም ሲከፈት የጋሼ ተማሪዎች አንድ በአንድ ወደዚያ ነጎዱ።

«ቲቸር፣ ካራቴ እኮ ለፎቶ ነው የሚያምረው» አለው አንዱ ሲሰናበተው።

ጋሼ ፈገግ አለ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሌላ ሥራ አያውቅም፤ አዳራሹ ከተዘጋ ምን ሊሆን ነው?

የጂሙ ባለቤት፣ ደንዳና ኬንያዊ፣ አንድ ቀን አስጠራው። «ከእኔ ጋር አንድ ዙር ከቻልክ እዚህ ታስተምራለህ» አለው። ምግብ ቤቴን ዘግቼ አብሬው ሄድኩ።

ገና እንደጀመሩ ጋሼ ዞር ብሎ ተረከዙን ሰውየው ሆድ ላይ አሳረፈ። ሰውየው እጥፍ አለ። «ጨምርለት!» ብዬ ጮኽኩ። ጋሼ ሆዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቀጥ! በካራቴ እንዲህ ያለ ምት ሲያርፍ ዳኛው ያስቆምና ነጥብ ይሰጣል፤ ከልጅነቱ የለመደው ይህንን ነው። እዚህ ማን ያስቁም? ሰውየው ትንፋሹን ሰብስቦ ተንደረደረ፣ የጋሼን እግሮች አቅፎ ጣለውና አንገቱን በክንዱ ቆለፈው። ጋሼ በመዳፉ ምንጣፉን መታ መታ አደረገ፤ በቃኝ ማለቱ ነው።

«እርግጫህስ ጥሩ ነበር፣ ምዋሊሙ» አለው ባለቤቱ ሆዱን እያሻሸ፤ በስዋሂሊ «መምህር» መሆኑ ነው። «መምታትህን ትተህ ትቆማለህ እንጂ።» የቀድሞ ተማሪዎቹ ሳቁ። ሥራውም በዚያው ቀረ።

ስንመለስ ማታቱ ታክሲው ውስጥ አላስቻለኝም። «ጨርሰኸው ነበር እኮ! ምን ዳኛ ያስጠብቅሃል?»

«መጀመሪያ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለኝ። «ቆሜ ሳየው ግን መተንፈስ አቅቶታል። እንዲህ የሆነን ሰው ልድገመው?»

ተናድጄበት ነበር፤ የዚያኑ ያህል ደግሞ ኮራሁበት።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ሦስት ተማሪ ብቻ ነበር። ትምህርቱ ሳይጀመር በሩ ተከፈተ። የጂሙ ባለቤት ነው፣ ብቻውን፣ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

«የዛን ቀን ብትደግመኝ ኖሮ አልነሣም ነበር» አለ። «ይህን ጂም ለማሠለጥናቸው ልጆች ነገርኳቸው። ያንን እርግጫ አስተምረኝ፤ ከዚያ መጥተህ እነሱን ታስተምራለህ።»

«መቆሙንም?» አለው ጋሼ።

«እሱን ቀስ ብለን።»

ጋሼ በካራቴ ደንብ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ አየና፣ ጫማውን እንደያዘ እሱም ጎንበስ አለ።