ጥላ ውስጥ የደረቀ ኮሰረት

የባሌ ታላቅ እህት ስሜን ያጠፋችው በልጇ ሠርግ ላይ ነው። እኛ ቆቦ ዘመድ ሲድር እያንዳንዷ ሴት ንጥር ቅቤ ይዛ ትሄዳለች፤ ሁሉም ደጋሿ ቤት አንድ ጋን ውስጥ ይገለበጣል። ያን ጊዜ ጋኑ ሲከፈት ሸተተ። ቀድሞ የገባው፣ ከሁሉም በላይ የሰነበተው የራሷ ቅቤ ነበር። እሷ ግን በዳሱ ሴቶች ፊት ወደ እኔ ዞረች።

«ይቺ ናት! ኮሰረት የምታበዛው ለምን ይመስላችኋል? የሸተተ ቅቤ ልትሸፍንበት ነው!»

ሴቶቹ ሳቁ። ወሬው ከእንግዶቹ ጋር ተሳፍሮ ሮቢትና ጎብዬ ገባ። ከዚያ ወዲህ በዘመድ ድግስ ሁሉ «አንቺ ሽንኩርት ይዘሽ ነይ» ተባልኩ። ያቺ ሙሽራ ወልዳ፣ ልጇ ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ድረስ ሽንኩርት ተሸከምኩ።

የኮሰረት አያያዝ የተማርኩት ከእናቴ ነው። ሳያብብ ይቀጠፋል፤ ከአልጋ ሥር፣ ሰሌን ላይ ይደርቃል፤ ቅቤው ከእሳት ሊወርድ ሲል ይጨመራል። የባሌ እህት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ታሰጣዋለች። በቆቦ ፀሐይ! ስታወርደው ገለባ ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ አልነገርኳትም። ጠይቃኝ አታውቅም።

የልጅ ልጇ፣ ያቺ የሙሽራዋ ልጅ፣ ለመመረቂያ ጥናቷ ኮሰረት ፍለጋ እኔ ጋ መጣች። ቅቤን የሚያበላሸው አየር ነው፣ ቅጠሉ ውስጥ ያለው አንቲኦክሲዳንት የሚባል ነገር ደግሞ ይከላከልለታል አለችኝ። ስሙን ባላውቀውም ሥራውን አውቀዋለሁ አልኳት።

«እማማ፣ ከአያቴም ወስጃለሁ። ከእርስዎም ትንሽ ይስጡኝ።»

አንድ እፍኝ ሰጠኋት።

«የማን እንደሆነ ጻፊበት። እንዳይቀላቀል» አልኳት። አንድ ጊዜ ተቀላቅሎብኛል።

ከወራት በኋላ ውጤቱን በስልኳ ቀርጻ አመጣች። ብቻዬን አላይም አልኩ።

«አያትሽ ቤት፣ ሴቶቹ ባሉበት ይታያል።»

ለልጅቱ ወንድም ሠርግ በርበሬ ሊቀነጥሱ እዚያ ተሰብስበው ነበር። ስልኩ መሀላቸው ተቀመጠ። በሁለት ብልቃጥ ሐምራዊ የመፈተሻ ውሃ ይታያል። ልጅቱ ቅጠሎቹን ፈጭታ፣ በአልኮል ዘፍዝፋ ያጠለለችውን በየብልቃጡ ጠብ አደረገች። የኔው ወደ ቢጫ ተለወጠ። የአያቷ ፈዘዝ አለ እንጂ ሐምራዊ እንደሆነ ቀረ።

«ቢጫው ምን ማለት ነው?» አለች አንዷ።

«ቅጠሉ ቅቤ እንዳይሸት የመከላከል አቅም አለው ማለት ነው። የአያቴን ፀሐይ በልቶታል።»

«ወላሂ፣ እኔ ያን ጊዜም ተጠራጥሬ ነበር!» አለች ሌላዋ። ያን ጊዜ ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷ ነበረች።

የባሌ እህት በርበሬዋን መቀንጠስ ቀጠለች።

ሠርጉ ሲደርስ ቅቤ ይዘሽ ነይ ብላ ላከችብኝ። ሽንኩርት ይዤ ሄድኩ።

«ቅቤውስ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ የሽንኩርት ሴት ያደረጉኝ አንቱ ነዎት።»

«ወጡ እኮ ተጥዷል! አትቀልጂ!»

«አንጥሬ ቤት አስቀምጫለሁ። ቁልፉ ይኸው። ራስዎ ያምጡት።»

የልጅ ልጇ ልሂድ ብላ ስትነሣ እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። ከቤቴ እስከ ዳሱ በገበያው መሀል ነው የሚታለፈው፤ ቀኑም የገበያ ቀን ነበር። የባሌ እህት ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ስትመለስ ማሰሮዬን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ላብ በላብ ሆና ገባች። በዳሱ ሴቶች ፊት ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው፤ ደግማ አሸተተችው። ከዚያ ጋኑ ውስጥ ልትገለብጠው ዘንበል አደረገች።

«ለብቻው ይቀመጥ» አልኳት።

ለብቻው አስቀመጠችው።