አለቃው የረሷት ኮፒሊያ

ሰገነት ላይ የታጠበ አንሶላ እያሰጣሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እርጥቡ ጨርቅ ጉንጬ ላይ እንደተለጠፈ የድሮ አለቃዬን ሴት ልጅ ድምፅ ሰማሁ። «እትዬ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። አማተብኩ። ከዚያ «ለቅሶው ላይ ሲያወሩ ሰማሁ። ኮፒሊያ ረስቶ ሰው ሊፈጅ ነበር፣ ለዚያ ነው ከሥራ የወጣው አሉ። እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ኮፒሊያ ብሎን እንዳይፈታ ቀዳዳው ውስጥ ገብታ የምትታጠፍ ቀጭን ሽቦ ናት። መልሱ ግን እንደ እሷ ቀጭን አልነበረም። እኔ በምኖርበት በጅቡቲው ጋቦዴ ሰፈር በዚህ ሰዓት ሲሚንቶው እግር ያቃጥላል፤ ከአንሶላዎቹ ጥላ ሥር ቁጭ አልኩ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ከሰው ቤት ሥራ ወጥቼ፣ እዚሁ ጅቡቲ አንድ ትንሽ የአውሮፕላን ድርጅት ውስጥ ለመካኒኮቹ መሣሪያ አቀብል ነበር። ሥራውን ያስገኙልኝ አለቃው ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ያውቁኝ ነበር። የጥገናው አዳራሽ ቆርቆሮ ሲግል፣ የነዳጁ ሽታና የባሕሩ ጨው ተቀላቅለው ጉሮሮ ይይዙ ነበር።

አለቃው የማይጥሱት አንድ ልማድ ነበራቸው። የሠራ ሰው የራሱን ሥራ አይፈትሽም። ሌላ ዓይን ሳያየው አውሮፕላን ከደጅ አይወጣም፤ የሠሩት እሳቸው ቢሆኑም።

ያን ቀን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ታጁራ ላይ ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች፤ አውሮፕላኑ ሄዶ ሊያመጣት ነው። አለቃው የጅራቱን መሪ እያሰሩ ሳለ የዕለቱን ጫት የሚያመጡት መኪኖች ጡሩምባ ከመንገዱ ተሰማ። ዛሬም ይሰማል፤ እኔም ዛሬም እደነግጣለሁ። ከተማው ሁሉ አንገቱን የሚያዞርበት ሰዓት ነው። ሠራተኛው ጫቱን ሊገዛ እየተሰናበታቸው ተበተነ። ለአንዱ ቀና አሉ፣ ለሌላው መለሱ፣ ከዚያ ሥራቸውን ጨረሱ። ሥራቸውን የሚፈትሽላቸው ሶማሌው መካኒክም ከሚሄዱት ጋር ሄዶ ነበር።

አብራሪው «እንነሣ» አለ።

«ፈታሹ ይምጣ።»

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ ልትሞት ነው! ይህን ሁሉ ዓመት ሠርተው ማን አባቱ ነው እርስዎን የሚያርመው?»

«የማላምነው ይህን የለመደ እጄን ነው» አሉና ሾፌር ላኩ። ላባቸው ይንጠባጠባል፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ስለ ሴትዮዋ እንደሚጸልዩ ገባኝ።

መካኒኩ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ጫቱን በብብቱ ሸጉጦ ደረሰ።

«ቀምሰሃል?»

«ወላሂ ገና ነኝ፣ ጋሼ! አፌን እይ።» አንቱታ ያልለመደ አማርኛው ነው። ከፈተላቸው፤ እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩ። «ጥርሴን ቆጥረህ ስትጨርስ ንገረኝ» ሲል ሁላችንም ሳቅን።

ጫቱን ለእኔ አስይዞኝ ጅራቱ ሥር ገባ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ጋሼ... ኮፒሊያዋ የለችም።»

መሪው አየር ላይ ቢላቀቅ የሚሆነውን አብራሪው ከሁላችን በላይ ያውቃል። ክንፉን ተደግፎ ቀረ።

አለቃው አላስተባበሉም። የቀረነውን ሁሉ ጠርተው ባዶዋን ቀዳዳ አሳዩን። «እዩት። የረሳሁት እኔ ነኝ» አሉ። ኮፒሊያዋን አስገቡ፣ መካኒኩ እንደገና አየ፣ አውሮፕላኑ ተነሣ። ማምሻውን እናትም ልጅም ደኅና ናቸው ሲባል ሰማን፤ ተመስገን።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የድርጅቱ ባለቤት «አርጅተዋል» ብሎ አሰናበታቸው። ሰውም ከወሬው ግማሹን፣ መርሳታቸውን ብቻ ያዘ። አንድ ቀን እዚሁ ከተማ ምኒልክ አደባባይ አግኝቻቸው፣ «ለምን እውነቱን አይናገሩም?» አልኳቸው። «መርሳቴስ እውነት አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ።

ለልጅቷ ያየሁትን ነገርኳት። ግን እኔ መሣሪያ አቀባይ ነበርኩ፤ የእኔ ቃል ብቻውን ለቅሶ ቤት ሙሉ ሰው አይመልስም። ያን ቀን እዚያ የነበራችሁ፣ አብራሪውም መካኒኩም፣ በሕይወት ካላችሁ እባካችሁ ደውሉላት። አባትሽ ረስተው ነበር በሏት፣ አትደብቋት። ፈታሹን ያስጠሩትም እሳቸው ናቸው በሏት።