መልሱ እግር የለውም

ሎርና ኤንትዊስል እንግሊዝ አገር፣ አክሪንግተን ከተማ ባለው ትምህርት ቤታችን የመምህር ረዳት ሆና የሠራችው በባለቤቴ በዴዝመንድ ፒክአፕ ክፍል ነው። እሱ ሰሌዳው ላይ ሒሳብ ያስተምራል፤ እሷ ከኋላ፣ ትምህርቱ ከከበደው ልጅ አጠገብ ትቀመጣለች። እኔ ምድር ቤት የተማሪዎችን መዝገብ እይዛለሁ። ለዓመታት እሷ ባሌን ቀኑን ሙሉ ስታየው፣ ለእኔ የሚደርሰኝ ማታ ደክሞትና ተነጫንጮ ነበር።

መጀመሪያ የተቀጠረችው ልጆቹን በምሳ ሰዓት እንድትጠብቅ ነው። ባሏ ሁለት ልጆች ጥሎባት ሄዷል። ከዚያ ረዳት ሆነች። «አንቺ ሴትዮ፣ ከዚህች ወንበር ካልተነሳሽ ሥር ታበቅያለሽ» ይላት ነበር ዴዝመንድ። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት እንጂ እሱ አይደለም። በርቀት ትምህርት ዲግሪዋን ስትይዝ፣ የከበዳትን እየተቀመጠ ያስረዳት እሱ ነው። እኔም የታሪክ ዲግሪ አለኝ፤ ማስተማር እመኝ እንደነበርም ያውቃል። ተነሺ ብሎኝ አያውቅም።

ዴዝመንድ በፋሲካ ሰሞን ሞተ። በመስከረም ሎርና እጩ መምህር ሆና ክፍሉን ተረከበች።

በመጀመሪያው ቀን ሻይ ክፍል ስትገባ ከረዳቶቹ አንዷ፣ ምላሰኛዋ ቤቭ፣ ብድግ አለች።

«ተነሱ፣ ተነሱ! ሚስስ ኤንትዊስል መጡ!»

«አፍሽን ዝጊና ኩባያዬን መልሺ።»

«የመምህራን ኩባያ እዚያ ማዶ ነው፣ እመቤቴ።»

ሁሉም ሳቁ። ሎርናም ሳቀች፤ ሻይዋን ግን ቆማ ጠጣች። ደስ አለኝ።

እኛ ዘንድ ልጆች ረዳትን በስሟ፣ መምህርን በቤተሰቧ ስም ይጠራሉ። እሷን «ሚስ ሎርና» ማለት መተው አቃታቸው። ከዚያ የባሰው የገዛ ጉልበቷ ነበር። አንድ ልጅ እጁን ካወጣ፣ ለቀሩት ጀርባዋን ሰጥታ አጠገቡ ትንበረከካለች። እጩ መምህራንን ክፍል ገብቶ የሚፈትነው ገምጋሚ በዚሁ አንድ ጊዜ ጥሏታል። ዳግመኛ ከወደቀች መምህርነቱ ቀረ፤ የረዳትነት ቦታዋም በሌላ ሰው ተይዟል።

ገምጋሚው በተመለሰበት ቀን አዲሱ ረዳት ታሞ ቀረና እኔን ላኩኝ። በሎርና የድሮ ወንበር ላይ፣ ሮክሳን ከምትባል ልጅ አጠገብ ተቀመጥሁ። ትምህርቱ ክፍልፋይ መደመር ነበር።

«ሚስ ሎርና! አልገባኝም!» ብላ ሮክሳን ጮኸች።

ሎርና መጣች። ጉልበቷ መታጠፍ ጀመረ። ከኋላዋ ላጲስ በረረ፤ ሌላም ተከተለ። ገምጋሚው አንድ ነገር ጻፈ። ተንበርከኪ፣ አልሁ በልቤ።

ጎንበስ እንዳለች ቆመች። ከዚያ ቀና አለች።

«ሚስስ ፒክአፕ፣ እባክዎ ሮክሳንን ይያዙልኝ» አለችና ወደ ክፍሉ ዞረች። «አንተ ወርዋሪው፣ እጅህ ካላረፈ ና ሰሌዳው ላይ ሥራ።»

ልጁ ሰሌዳው ፊት ተገትሮ ሲያፍር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «መልሱ እግር የለውም፤ አይሸሽም። ቀስ በል» አለችው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሮክሳን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ይሄ የሚስተር ፒክአፕ ነው። ሁሌ እንደዚህ ይሉን ነበር።»

ባሌ ቤት ውስጥ የሚያበዛው ቃል «ቶሎ በይ» ነበር። ካፖርቴን ስለብስ ቶሎ በይ፤ ወሬ ስጀምር ቶሎ በይ። ለካ ትዕግሥቱን እዚህ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ሎርናን ላያት አልቻልሁም።

«ሌላስ ምን ይል ነበር?» አልኋት ሮክሳንን በሹክሹክታ።

«መጀመሪያ ይቺን ያሳዩኝ።»

«እኔ ሒሳብ አልችልም።»

«ኧረ! የሚስተር ፒክአፕ ሚስት ሆነው?»

ታህቶቹን አንድ ለማድረግ ስንታገል ደወሉ ተደወለ።

ሎርና አለፈች። ከሰዓት በኋላ የመምህራንን ሰማያዊ መታወቂያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ምድር ቤት ወረደች።

«ረዳቱ ነገም አይመጣም። ትመጪልኛለሽ?»

«ለሮክሳን ስል እመጣለሁ» አልኋት።

«ለማንም ይሁን፣ ብቻ ነይ።»

እሱ ይል የነበረውን ሁሉ ሎርና ታውቀዋለች፤ ብጠይቃት አንድም ሳታስቀር ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኋትም። በማግስቱ ሮክሳን አጠገብ ተቀምጬ ደብተሯን ወደ እኔ ሳብሁት።