እህቴ፣ አባታችንና የእንግሊዞቹ ሜታል ባንድ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ካልጋሪ፣ ሳድል ሪጅ ሠፈር፣ ጎረቤቴ ጓሮው ውስጥ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ሲያቃጥል ሽታው በመስኮት ገባ። ባሌ "ምነው፣ ፊትሽ ተለዋወጠ?" አለኝ። ተናድጄ ነበር። ይኸው የሁለት ልጆች እናት ሆኜም ያ ሽታ ያናድደኛል።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ሜይላንድ ሃይትስ የሚባል ሠፈር ነበር። የነዳጅ ገንዘብ ከተማውን ያሰከረበት ዘመን ነው። አባታችን ሰሜን፣ ነዳጅ የሚወጣበት ቦታ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ሦስት ሳምንት ይጠፋና በአራተኛው መጥቶ ይፈርድብናል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነበር።

እህቴ አሥራ ሰባት፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመታችን ነበር። የአንድ የእንግሊዝ ሄቪ ሜታል ባንድ ነገር አይሆንላትም። አልጋ ላይ ጋደም ብለን ታሪካቸውን ትነግረኝ ነበር፤ የፋብሪካ ሠፈር ልጆች እንደነበሩ፣ አሮጌ ቫን ውስጥ እየተኙ እንደዞሩ፣ ስማቸው ከገነነ በኋላ ዘፋኙና ጊታሪስቱ ተጣልተው አሥር ዓመት እንደተኳረፉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች።

"ታረቁ! ላይክ፣ አምስቱም! ካልጋሪ ይመጣሉ!"

ሁለት ቲኬት ገዛች። አንዱ የእኔ ነበር።

አባታችን ሲመጣ ካሴቶቿን አገኘ። ሽፋኑ ላይ ያለውን የራስ ቅል አይቶ እኔን ጠራኝ። "ሌላስ ምን ደብቃለች? ለነፍሷ ብዬ ነው" አለኝ። ቲኬቶቹ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ እንዳሉ ነገርኩት።

ሁሉንም ጓሮ በርሜል ውስጥ አቃጠለው። ካሴቱ እየቀለጠ ሲጨስ እናታችን መጋረጃውን ዘጋች። እህቴ አላለቀሰችም።

"እነሱ እንኳን ታርቀዋል" አለችው። "እርስዎን ግን ይቅር አልልም።"

እስከዚያ ቀን "አንተ" ነበር የምትለው።

የኮንሰርቱ ዕለት ሲ-ትሬን የሚሉትን የከተማ ባቡር ስትሳፈር ተከተልኳት። "ወደ ቤት ተመለሽ" አለችኝ። ከኋላዋ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ጋ ስንደርስ የሰኔ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ጥቁር ቲሸርት የለበሰ ሕዝብ እየተሳሳቀ ይገባል። እኛ ዕቃ በሚራገፍበት በኩል ዞረን ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። ሙዚቃው ሲጀምር ኮንክሪቱ ተንቀጠቀጠ። እህቴ ዓይኗን ጨፍና እያንዳንዱን ቃል አብራ ዘፈነች።

"ይቅርታ" አልኳት።

 መዳፌን ያዘችና ግድግዳው ላይ አሳረፈችው። "ይሄ ቤዙ ነው" አለችኝ። "ጠብቂ፣ አሁን ድራሙ ይገባል።"

በወሩ ከካልጋሪ ወጣ ብላ ባለችው ኦኮቶክስ፣ ጓደኛዋ ጋ ገባች፤ አልተመለሰችም። አባታችን እስኪሞት "ለነፍሷ ብዬ ነው" እንዳለ ኖረ፤ አንድ ቀን እንኳ "አጠፋሁ" ሳይል ሄደ። እናታችን ግን ማንም የማይተኛበትን የእህቴን አልጋ አንሶላ በየሳምንቱ ትቀይር ነበር። ያን ቀን መጋረጃውን ስለዘጋች ብናደድባትም፣ በሩ ላይ ቆሜ ሳያት ገብቼ የአንሶላውን አንድ ጫፍ እይዝላት ነበር።